የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርት ዓላማና ፍሬ
(በባሕር ማዶ በሚገኙ ተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ትምህርት እንድንናገር በጠየቁን ጊዜ፣ ስለ ትምህርት በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ ስለምናውቀው ስለ አንዱ ሙያ መናገርን መረጥን። ትምህርት በጠቅላላው ሲነሣ ሁሉም ይስማማል፤ ትምህርት መልካም አይደለም የሚል የለም። አንድን ትምህርት ለይቶ «ይህ ለምን ይሰጣል? የተማረውስ ሰው ምን መሥራት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ሲጀመር ግን ነገሩ ይከብዳል። እኛ በኬሚካል ምሕንድስና የመጀመሪያውን ዲግሪ ጨርሰን ወደ ላይ የምንማር፣ ከትምህርታችንም ጎን ለጎን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በላቦራቶሪና በመልመጃ ክፍል የምንረዳ ስለ ሆንን፣ ይህን ጥያቄ ከተማሪውም ከአስተማሪውም ወገን ለማየት ዕድል አግኝተናል። ዛሬ የምናቀርብላችሁም ይህንኑ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሙያው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ፤ ብዙ ሰው ከኬሚስትሪ ጋር አንድ አድርጎ ያየዋልና። በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞንያ ሠርቶ አሳየ። የማዳበሪያ መሠረት ከአየር ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ከመሣሪያው የወጣው በጠብታ የሚቈጠር ነበር፤ በጠብታ ደግሞ እርሻ አይዳብርም። ያንን ጠብታ ወደ ቶን ለመለወጥ የተነሣው ካርል ቦሽ ነው። ሥራው ከ400 ዲግሪ የበለጠ ሙቀትና ከአየር ግፊት ሁለት መቶ እጥፍ ገደማ የሚደርስ ግፊት ይጠይቃል። በዚያ ሙቀትና ግፊት ሃይድሮጅኑ በብረቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን እየበላ የመሣሪያውን ግድግዳ ያሰነጥቀው ነበር። ቦሽ የግድግዳውን ውስጥ ከለስላሳ ብረት፣ ውጩን ከጠንካራ ብረት አሠርቶ፣ በውጩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎችን በማስበሳት ሾልኮ የሚያልፈው ሃይድሮጅን ጉዳት ሳያደርስ እንዲወጣ አደረገ። ፋብሪካውም በ1913 በኦፓው ሥራ ጀመረ። እንግዲህ የሃበር ጥያቄ «ይሆናልን?» የሚል ነበር። የቦሽ ጥያቄ ግን «በብዛት፣ ሰው በማይጎዳበት አኳኋን፣ በሚቻል ዋጋ፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይሆናልን?» የሚል ነው። የኬሚካል መሐንዲስ ጥያቄ ይህ ሁለተኛው ነው።

ምሳሌውን ወደ አገር ቤት እናምጣው። አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን አፍልታ፣ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ዕቃ ታጠራቅመዋለች። እሳቱ ሲበረታባት ውሃው አብሮ እየወጣ አረቄው እንደሚቀጥን፣ መጀመሪያ የወጣውም ከኋለኛው እንደሚበረታ በልምድ ታውቃለች። ይህ ሥራ ነዳጅ ዘይት ተለያይቶ ከሚወጣበት ከትልቁ ማማ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ሴትዮዋ በዐይኗና በምላሷ የምታውቀውን፣ መሐንዲሱ ገና መሣሪያው ሳይሠራ በቍጥር መናገር ያለበት መሆኑ ነው። ስንት ይገባል? ስንት ይወጣል? ስንት እንጨት ይፈጃል? ቢበላሽስ በማን ላይ ይፈነዳል? ያልተሠራውን ነገር አስቀድሞ በቍጥር ማወቅ የትምህርቱ እምብርት ነው።

የሙያው ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1887 ጆርጅ ዴቪስ የተባለ እንግሊዛዊ በማንቸስተር ከተማ ዐሥራ ሁለት ትምህርቶች ሰጠ። ዴቪስ አስቀድሞ የአልካሊ ፋብሪካዎች ወደ አየር የሚለቁትን መርዛም ጋዝ በሕግ የሚቈጣጠር ሰው ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ ሙያው ገና ሲጀመር ከጎረቤት አየር ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1888 ልዊስ ኖርተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አራት ዓመት የሚፈጅ የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርት ከፈተ። በ1915 አርተር ሊትል ማናቸውም የኬሚካል ፋብሪካ ቢመረመር ጥቂት በሆኑ መሠረታዊ ሥራዎች፣ ማለት በመፍጨት፣ በማጣራት፣ በማትነን፣ በማድረቅና በመሳሰሉት ሊከፈል እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው የሳሙናን ፋብሪካ ለብቻ፣ የስኳርን ፋብሪካ ለብቻ በቃል ማጥናቱ ቀርቶ፣ ለሁሉም የሚሆነውን መሠረት መማር ጀመረ። በ1960 ደግሞ በዊስኮንሲን የሚያስተምሩ ሦስት ፕሮፌሰሮች፣ በርድ፣ ስቴዋርትና ላይትፉት፣ የፈሳሽ ፍሰት፣ የሙቀትና የቁስ መተላለፍ በአንድ ዓይነት ስሌት እንደሚገዙ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። የትምህርቱ መልክ በየጊዜው የተለወጠው «ተማሪያችን ምን መሥራት እንዲችል እንፈልጋለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመነሣቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚህ ሙያ ሁለት ቃላት ተለይተው መታወቅ አለባቸው፤ አንዱ ዓላማ ነው፣ ሁለተኛው ፍሬ ነው። ዓላማ የምንለው ተመራቂው ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥራ ዓለም የት ይደርሳል ብሎ ትምህርት ክፍሉ የሚያስበው ነው። ፍሬ የምንለው ደግሞ ተማሪው በምረቃው ቀን የሚያውቀውና መሥራት የሚችለው ነገር ነው። ዓላማውን ትምህርት ክፍሉ ብቻውን አያወጣውም፤ የሚቀጥሩትን፣ የተመረቁትንና የሚማሩትን ይጠይቃል። ፍሬው ግን በዓይን የሚታይ፣ በፈተናና በሥራ የሚመዘን መሆን አለበት።

በአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ዕውቅና የሚሰጠው ኤቤት የተባለው ድርጅት፣ ቀድሞ የሚቈጥረው ወደ ትምህርቱ የሚገባውን ነበር፤ ስንት የሒሳብ ሰዓት፣ ስንት የላቦራቶሪ ሰዓት፣ ስንት አስተማሪ፣ ስንት መጽሐፍ። ወደ 2000 ዓመት ግድም ይህን ለውጦ የሚወጣውን ይመዝን ጀመር። ዐሥራ አንድ የነበሩት ፍሬዎች ከ2019 ወዲህ ሰባት ሆነዋል። በአጭሩ እንዘርዝራቸው። አንደኛ፣ ውስብስብ የሆነውን የምሕንድስና ችግር ለይቶ አውቆ በሳይንስና በሒሳብ መፍታት፤ ሁለተኛ፣ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት፣ ወጪንና አካባቢን አስቦ መንደፍ፤ ሦስተኛ፣ ለልዩ ልዩ ሰው እንደየአቅሙ ማስረዳት፤ አራተኛ፣ የሙያውን ኅሊናና ኀላፊነት ማወቅ፤ አምስተኛ፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት፤ ስድስተኛ፣ ሙከራ አዘጋጅቶ ማካሄድና ከውጤቱ ትክክለኛ ፍርድ ማውጣት፤ ሰባተኛ፣ ያልተማሩትን ራሱን ችሎ መማር።

ይህ ዝርዝር ለንባብ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሰባቱ ውስጥ በተለመደው የክፍል ፈተና በደንብ የሚመዘነው አንደኛው ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የቀሩት ስድስቱ የሚገኙት በሥራ ነው። ስለዚህ ጥቂቶቹን እያነሣን በምሳሌ እንመልከት።

የኬሚካል መሐንዲስ የመጀመሪያ ትምህርት ሚዛን ነው፤ ይኸውም «የገባው ነገር ሁሉ ወይ ይወጣል፣ ወይ ውስጥ ይቀራል» የሚለው ነው። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከሚሰጡት ጥያቄዎች አንዱ የስኳር ነው። ከሸንኮራ አገዳ የተጨመቀ 100 ቶን ጭማቂ አለ እንበል፤ በውስጡ የሟሟው ነገር ከመቶ 15 ነው። ይህን ከመቶ 60 እስኪሆን ድረስ ማወፈር ቢያስፈልግ ስንት ውሃ መትነን አለበት? የሟሟው 15 ቶን አይተንም፤ 15 ቶን ከመቶ 60 እንዲሆን ወፍራሙ ጭማቂ በጠቅላላው 25 ቶን መመዘን አለበት። ስለዚህ 75 ቶን ውሃ መውጣት ይኖርበታል። ስሌቱ የገበያ ሒሳብ ያህል ቀላል ነው። ሆኖም ሳንነካው፣ ሳናየው፣ ፋብሪካው ገና ሳይተከል ስንት ውሃ እንደሚወጣ ዐወቅን።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ አያበቃም። 75 ቶን ውሃ በአንድ ጋን ለማትነን ከ75 ቶን የማያንስ እንፋሎት ያስፈልጋል። ይህን የነዳጅ ብክነት ያስወገደው ኖርበርት ሪሊዩ የተባለ ሰው ነው። ሪሊዩ በ1806 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከነጭ አባትና ከጥቁር እናት ተወለደ፤ በፓሪስ የምሕንድስና ትምህርት ተምሮ እዚያው አስተማረ፤ ከዚያም ባርነት ወደ ነገሠበት ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በ1843 የፈጠራውን መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ከመጀመሪያው ጋን የሚወጣው እንፋሎት ተጥሎ ከሚቀር ግፊቱ ዝቅ ያለውን ሁለተኛውን ጋን ያፍላ፣ የሁለተኛውም እንፋሎት ሦስተኛውን ያፍላ የሚል ነው። ግፊት ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና ነገሩ ይሠራል። በሦስት ጋን ሲሆን የሚያስፈልገው እንፋሎት ወደ ሲሶ ይወርዳል። የዓለም የስኳር ፋብሪካዎች እስካሁን በዚህ መሠረት ይሠራሉ፤ በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ ከዚህ ዘር ነው። ተማሪው ይህን ሲማር አንድን ዕቃ ለብቻው ሳይሆን ፋብሪካውን በሙሉ ማየትን ይማራል። ተጨምቆ የቀረው አገዳ፣ የፋብሪካ ሰዎች ባጋስ የሚሉት፣ ማሞቂያው ውስጥ ገብቶ ይነዳል፤ ሞላሰሱ ወደ አልኮል ይለወጣል። ለአንዱ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው ግብዓት ነው።

ይኸው ሚዛን የኅሊናም መሣሪያ ነው። ቆዳ በክሮም ሲለፋ፣ በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮም እስከ ሲሶና ከዚያም የሚበልጠውን ቆዳው ሳይጠጣው ይቀራል። መጋዘን የገባው ክሮም ይታወቃል፤ በቆዳው ላይ የወጣውም ይመዘናል። የቀረው የት ሄደ? በፋብሪካው ውስጥ ካልተያዘ ወደ ወንዝ ሄዷል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ወንዙን አልበከልንም» ሊል ይችላል፤ ሚዛን የሚያውቅ መሐንዲስ ግን የመጋዘኑን መዝገብ አይቶ፣ ወንዙ ዳር ሳይደርስ መልሱን ያውቃል። ከብቱን ወንዝ የሚያጠጣው ገበሬ ይህን ስሌት አያውቅም፤ የሚያሰላለት ሰው እንዲኖር ብሎ ግን ከደኸየው ኪሱ ግብር ከፍሎ አስተምሮናል። እንግዲህ አራተኛው ፍሬ፣ ኀላፊነት የሚባለው፣ ከአንደኛው ተለይቶ በስብከት የሚሰጥ አይደለም። ስሌቱን የቻለ ሰው ከስሌቱ የሚወጣውን መልስ ለመናገር ይችላል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ስለ አደጋ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር። ታኅሣሥ 19 ቀን 2007 በፍሎሪዳ በጃክሰንቪል ከተማ ቲ ቱ ላቦራቶሪስ በሚባል ትንሽ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጋን ፈነዳ፤ አራት ሰዎች ሞቱ፣ ሠላሳ ሁለት ሰዎች ቈሰሉ። ፋብሪካው ለቤንዚን የሚጨመር ነገር ይሠራ ነበር። ሥራው ሙቀት የሚወልድ ስለ ሆነ ጋኑ በውሃ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ በዚያ ቀን ማቀዝቀዣው ተቋረጠ፣ ሌላ መጠባበቂያ አልነበረም፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሌላ ውሕደት ተነሣ። ከባለቤቶቹ አንዱ ኬሚስት፣ ሁለተኛው በኬሚካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ የነበረው ሰው ነው፤ መሐንዲሱም ከሞቱት አንዱ ነበር። ያንኑ ሥራ ከመቶ ሰባ ጊዜ በላይ ሠርተውታል፤ ስለ ሠሩትም የሚያውቁት መስሏቸው ነበር።

የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ በ2009 ባወጣው ሪፖርት ስለ ጋኑ ብቻ አልተናገረም። አብዛኞቹ የአገሪቱ የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ሙቀት የሚወልድ ውሕደት ከእጅ ሲያመልጥ የሚያደርሰውን አደጋ ለይተው እንደማያስተምሩ አሳየ፤ ይህም ወደ ትምህርቱ እንዲገባ አሳሰበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርት ከሥራው ጋር የተያያዘውን አደጋ እንዲጨምር በመመዘኛው ተጻፈ። እንግዲህ ከፍሬዎቹ ዝርዝር ጀርባ መቃብር አለ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ያችን አንዲት ሐረግ አራት ሰዎች በሕይወታቸው ከፍለውባታል። ሕንድ አገር በቦፓል በ1984 የደረሰውን፣ ሺዎች ያለቁበትን እልቂት ስናስብ ደግሞ፣ ፋብሪካ ወደ ድኻ አገር ሲሄድ አደጋውን ተቈጣጥሮ የሚይዘው ዕውቀትም አብሮ መሄድ እንዳለበት እንረዳለን።

የስድስተኛውን ፍሬ፣ የሙከራን ነገር፣ በላቦራቶሪ ከምናየው እንመስክር። ተማሪዎች ውሃ በቧንቧ ሲፈስ የሚያጣውን ግፊት ይለካሉ። የለኩት ቍጥር ከመጽሐፉ ቍጥር ጋር ሳይስማማ ሲቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠይቁት «የት ተሳሳትን?» ብለው ነው። ጥቂቶች ግን «ቧንቧው ዝጎ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አዲስ ቧንቧ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ያለው ደግሞ አሮጌ ነው። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ነጥቡ ምንም ይሁን ምን መሐንዲስ መሆን ጀምሯል።

ሦስተኛው ፍሬ፣ ማስረዳት የሚባለው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው። ሙያችንን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ በፋብሪካው ውስጥ ጋኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሠራተኛ ግን የሚናገረው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሌላ የአገሩን ቋንቋ ነው። «ይህን መዝጊያ ሳትከፍት ያንን እንዳትከፍት» የሚለውን ነገር፣ ለምን እንደ ሆነም ጭምር፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የማይችል መሐንዲስ፣ ስሌቱ የቱን ያህል የሠመረ ቢሆን አደጋውን አላስወገደም። ደግሞም ሠላሳ ዓመት ከጋኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ በድምፁ ብቻ ብልሽቱን ይለያል፤ መሐንዲሱ ከእርሱ ለመማር ቋንቋውም ትሕትናውም ያስፈልገዋል።

ስለ አገራችን ሁኔታ አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። በ2023 ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። የሚወጣውን መመዘን መጀመሩ በራሱ መልካም ነው፤ የገባውን ብቻ ሲቈጥሩ ከመኖር ይሻላል። ነገር ግን ምርጫ የሚሰጥበት ፈተና ከላይ ከዘረዘርናቸው ሰባት ፍሬዎች የትኞቹን ሊመዝን ይችላል? የስሌትን ዕውቀት በከፊል ይመዝናል። መንደፍን፣ ማስረዳትን፣ ተባብሮ መሥራትን፣ «ይህ አደገኛ ነው፣ አልፈርምም» ማለትን ግን አይመዝንም። የሚመዘነው ብቻ የሚጠና ከሆነ፣ የማይመዘነው ቀስ በቀስ ከትምህርቱ ይወጣል። ስለዚህ ፈተናው ይቅር አንልም፤ ፈተናው ብቻውን የትምህርቱ ዓላማ እንዳይሆን ግን እንለምናለን።

ሁለተኛው ነገር የማዳበሪያ ነው። በነሐሴ 2025 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ተዋውሏል። ውሉ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ሚዛኑን ብቻ እንሥራ። አንድ ቶን ዩሪያ ለመሥራት በስሌት 0.57 ቶን ያህል አሞንያና 0.73 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ከዩሪያው ጋር 0.3 ቶን ውሃ ይወጣል። ለ3 ሚሊዮን ቶን እንግዲህ 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞንያ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አሞንያ ደግሞ ለእስትንፋስ መርዝ ነው። ይህን ያህል አሞንያ በየዓመቱ የሚሠራበትን ስፍራ የሚጠብቁት፣ ቧንቧውን የሚመረምሩት፣ በአካባቢው የሚኖረውን አርብቶ አደር የሚያስጠነቅቁት እነማን ናቸው? ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ፋብሪካን ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት ይቻላል፤ ስለ ፋብሪካው በኀላፊነት የሚፈርመውን ኅሊና ግን በመርከብ ማስመጣት አይቻልም።

በዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንዱ «ይህ የፈረንጅ ዝርዝር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል። ዝርዝሩን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መገልበጥ ከዝርዝሩ መንፈስ ጋር ይጋጫል፤ ዓላማው የአገሩን ሰው ጠይቆ ይወጣል ብለናልና። ለፍሎሪዳ መሐንዲስ የባሕር ማዕበል ማወቅ ይጠቅመው ይሆናል፤ ለእኛ መብራት ሲጠፋ ጋኑ ምን ይሆናል የሚለውን ማወቅ ይበልጣል። ሌላው «ላቦራቶሪ ሳይኖር ይህ ሁሉ ከንቱ ምኞት ነው» ይላል። የመሣሪያ እጦት እውነተኛ ችግር ነው፤ በቃል የሚሸፈን አይደለም። ሆኖም ሚዛን ለመሥራት ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ባልዲ ይበቃሉ። በሚፈላ ድስት ላይ፣ በጠላ ጥንስስ ላይ፣ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛው «ተመራቂው ሥራ ካላገኘ ፍሬው ምን ይረባዋል?» ይላል። ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው። ትምህርት ብቻውን ፋብሪካ አይተክልም፤ ይተክላል ብለን አናታልላችሁም። ነገር ግን ወረቀት ብቻ የያዘ ተመራቂ የሚጠብቀው ቀጣሪን ነው፤ መሥራት የሚችለው ደግሞ ቢያንስ ቀጣሪው የጎደለውን ነገር ማሳየት ይችላል። አራተኛው ተቃውሞ የእኛው የራሳችን ነው። ሰው እንደ ስኳር ጭማቂ ገብቶና ተመዝኖ የሚወጣ አይደለም፤ በትምህርት ቤት ከሚገኘው መልካም ነገር ገሚሱ በማንም ሚዛን አይወጣም። ስለዚህ መዛኙ ራሱ ትሕትና ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አገር ቤት የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የትምህርት ክፍላችሁን ዓላማና ፍሬ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በየትምህርቱም መጀመሪያ «ይህን ስንጨርስ ምን መሥራት እንችላለን?» ብላችሁ አስተማሪያችሁን በአክብሮት ጠይቁ። ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካ ስትላኩ ወረቀት አስፈርማችሁ አትመለሱ፤ የአንድ ዕቃ ብቻ እንኳ ቢሆን የገባውንና የወጣውን መዝናችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ በባሕር ማዶ ያለን ምክር መላክን ትተን የተሠራ ሥራ እንላክ። በመጽሐፎቻችን ያሉት መልመጃዎች የተወሰዱት ከቴክሳስና ከራይን ወንዝ ዳር ነው። እያንዳንዳችን በዓመት አንድ መልመጃ ከአገራችን ሥራ፣ ከስኳር፣ ከቆዳ፣ ከሲሚንቶ፣ ከምግብ ዘይት፣ ከቡና ማጠቢያ አውጥተን ከነመልሱ ብናዘጋጅ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ይወጣል። መልመጃውም በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ከነሙያ ቃላቱ ይጻፍ፤ ቃሉ የጠፋብን እንደ ሆነ ፋብሪካ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ እንጠይቅ፣ እርሱ ቃል አያጣምና። ይህች መጽሔት ለዚህ ሥራ ገጿን ትክፈት ብለን እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ነገ ተመልሰን ለማስተማር የምናስብ ሁላችን የአደጋን ትምህርት በምርጫ የሚወሰድ ትርፍ ነገር አናድርገው። ተማሪው የመጀመሪያውን ጋን ሲነድፍ የመጀመሪያውን ማስተንፈሻ አብሮ ይንደፍ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ የዲግሪ ወረቀት የሚናገረው የገባውን ነው፤ ስንት ዓመት እንደ ተቀመጥን፣ ስንት ትምህርት እንዳለፍን ይናገራል። የወጣውን የሚናገረው ወረቀቱ አይደለም። ወንዙ ይናገራል፤ ጋኑ አጠገብ ቆሞ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባው ሠራተኛ ይናገራል፤ ማዳበሪያው በጊዜው የደረሰለት ገበሬ ይናገራል። የሚወጣው ከሚገባው እንዳያንስ አሁኑኑ፣ ገና ተማሪዎች ሳለን፣ ሒሳቡን እንያዝ።